ሳይቆረጥ የረገፈው የአማረች ተራ

የተበደልኩትን በደል መጀመሪያ ላስመዝግብ፤ ሌላው ወሬ በኋላ ይደርሳል። የልጅ ልጄ ምሕረት በተመረቀችበት ቀን የፕላስቲክ አበባ ታቅፋ ፎቶ ተነሣች። በዚያው ቀን እኔ ግቢ ውስጥ እውነተኛው አበባ መደቡን ሞልቶ፣ ቀይ፣ ነጭና ብርቱካንማ ሆኖ፣ ማንም ሳይነካው ቆሞ ዋለ። ጎረቤቴ አማረች ተራዬ ነው ብላ ከለከለችኝ። እሷም ግን አልቆረጠችውም። ቆርጣ ቤቷ ብታስገባው ኖሮ ለራሷ አደላች ብዬ እተወው ነበር። ሰው ለራሱ ሲያደላ ይገባኛል፤ እኔንም አንዳንዴ ይቃጣኛል። ያልገባኝ ለራሷ ሳትወስድ፣ ለእኔም ሳትሰጥ፣ አፈር ላይ አቁማ ማዋሏ ነው።

ይህን ነገር ወላይታ ሶዶ ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም። ለባጃጅ ሾፌር ነግሬያለሁ፤ ከወረድኩ በኋላ እንኳ ሸራውን ይዤ ጨርሼለታለሁ። ከገሱባ በርበሬ ይዛ ለምትመጣ፣ አማረችን በዓይኗ አይታት ለማታውቅ ሴት ነግሬያለሁ። ጥርሴን የነቀለልኝ ልጅ ግማሹን የሰማው አፌ ክፍት እያለ ነው። ሁሉም “አይ እማማ” እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ማን እንዳጠፋ ግን አይናገሩም። እኔ ራሱን የሚነቀንቅልኝ ሰው አላጣሁም፤ ያጣሁት የሚፈርድልኝ ነው።

አበባው እኔ ግቢ እንዴት እንደገባ ልናገር። አንዲት ክፍል ከጎንደር ተመድባ ለመጣች ዶክተር አከራይቼ ነበር። ጥሩ ልጅ ናት። ጥፋቷ አንድ ብቻ ነው፤ ነገር ስታስረዳ ሰው ሁሉ የገባው ይመስላታል። ዝውውሯ ሲደርስ እግሩ የሚወላገድ ወንበር፣ ግማሽ ጠርሙስ ዘይትና አንድ የወረቀት ከረጢት ትታልኝ ሄደች። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ነገር የደረቀ የጫጩት እግር ነው የሚመስለው፤ ጥፍር ብቻ። አበባ እርሻ የምትሠራ ጓደኛዋ ናት የላከችላት። ከተተከለ አበባ ይሆናል፣ ስሙም ራናንኩለስ ነው አለችኝ። እኔ ስሙን ስሰማ ከምግብ በኋላ የሚዋጥ ነገር መሰለኝ። ጎረቤቴ እልፍነሽ ከረጢቱን አየችና ሦስት እርምጃ ወደኋላ ሄዳ፣ ይሄ የጠንቋይ ዕቃ ነው፣ ከቤትሽ አውጪው አለችኝ። በኋላ ሲያብብ ግን ቀሚስ ላይ ቀሚስ፣ በዚያ ላይ ሌላ ቀሚስ የደረበች ሙሽራ ስለሚመስል፣ ባለ ቀሚሷ ብላ ስም ያወጣችለት ራሷ እልፍነሽ ናት።

ዶክተሯ ከመሄዷ በፊት አስረድታኛለች። ለጥቂት ሰዓት ብቻ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ጥፍሩን ወደ ታች አድርጋችሁ ትከሉት፤ አፈሩ የሚያንጠፈጥፍ ይሁን፤ ፍግ አታብዙበት። እኔም ሐኪም ሲናገር ሰው እንደሚያደርገው ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁ። የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ካለፈ በኋላ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩትና ሁምቦ ድረስ ለቅሶ ሄድኩ። ለቅሶ ደግሞ ደርሰሽ ተመለሺ የሚባል ነገር አይደለም፤ እዚያው አደርኩ። ስመለስ ጥፍሩ ሁሉ አብጦ የሕፃን ጣት አክሏል፤ ከፊሉ መሽተት ጀምሯል። የሸተተውን ጣልኩና የቀረውን ተከልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። እኔ እድሜ ልኬን እንሰት ያሳደግኩ ሴት ነኝ። እንሰት ፍግ ሲያገኝ የተመረቀ ልጅ ያህል ይኮራል፤ ቅጠሉን ዘርግቶ ያመሰግናል። ስለዚህ ዶክተሯ ፍግ አታብዙ ያለችውን የከተማ ልጅ ንፍገት ነው ብዬ ተውኩት። ከእልፍነሽ ላም ሥር የወጣውን ትኩስ ፍግ እስከ አንገቱ ድረስ አለበስኩት። አስቡት፣ ብርድ የሚወድ አበባ ነው። ዶክተሯ በስልክ ስነግራት፣ “እማማ፣ ብርድ ልብስ አለበሱት ማለት ነው” አለችኝ። በርትቶ የወጣው ጥቂቱ ነው። የሞተው ዛሬም ይቆጨኛል፤ ልጅቷ በአደራ የሰጠችኝ ነገር ነበር።

አሁን ወደ ፍትሑ እንምጣ። መደቡ ያለው የእኔ ግቢ ነው። ውሃው የሚመጣው ከአማረች ቧንቧ ነው፤ የእኔ ቧንቧ ሲፈልገው ይመጣል፣ ሳይፈልገው ይቀራል። ፍጉ፣ ቢገድልም፣ የእልፍነሽ ላም ነው። ስለዚህ አበባው የሦስታችን ነው አልኩ። አልጠየቁኝም፤ ራሴ ነኝ ያልኩት። እልፍነሽ ታዲያ ሲደርስ እኩል እንቆጥረዋ አለች። እኔ ግን ከዚያ የተሻለ ነገር ነበረኝ። እኛ ሦስታችን ለዓመታት የቅቤ ዕቁብ አለን፤ የሁሉም ቤት ወተት በተራ ለአንዷ ይሄድና ንጣ ቅቤዋን ለጊፋታ ታጠራቅማለች። በዚህ ዕቁብ አንድ ቀን ተጣልተን አናውቅም። አበባውም እንደ ወተቱ ይሁን አልኩ። በተራዋ ቀን የደረሰውን ሁሉ ባለ ተራዋ ትቆርጣለች፤ ተራዋ ያልሆነች መቀስ አትይዝም። እጣ ጣልን። እኔ አንደኛ፣ እልፍነሽ ሁለተኛ፣ አማረች ሦስተኛ ወጣን።

ላም በየቀኑ ትታለባለች። አበባ ግን ላም አይደለም። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ሳይሆን ሳላስበው ቀርቼ ነው። በመጀመሪያው ተራዬ አንዲት አንገቷ የተጣመመ አበባ አገኘሁ። በእልፍነሽ ቀን ምንም የለም። ባዶ ባልዲ ይዛ መደቡ ላይ ቆማ የእኔን ሰማይና የአማረችን ቧንቧ ስትራገም ዋለች። በአማረች ቀን እቅፍ ሙሉ ወጣ። እልፍነሽ ካሳ ጠየቀች። እኔም ተራ ተራ ነው፣ አበባ የሚያመጣው እግዜር ነው፣ ክሱንም ለእሱ አቅርቢ አልኳት።

ደግሞ መቼ ነው ደረሰ የሚባለው? ዶክተሯ ጓደኛዋን ጠይቃ በስልክ ነገረችን። እምቡጡን በጣታችሁ ጫን በሉት፤ ድንጋይ ከሆነ ተዉት፤ እንደ በሰለ አቮካዶ ለስለስ ካለ ቁረጡት፤ ከሥሩ ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ሌላ እንዲያወጣ። ይህን ለወላይታ ሴት መንገር ትልቅ ስሕተት ነው። እኛ ገበያ ላይ አንዲት ሴት የደረደረችውን አቮካዶ ሙሉውን ጨምቀን ሳንገዛ የምንሄድ ነን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ግቢዬ የገባ ሰው ሁሉ እምቡጥ ይጨምቃል። የዕቁቡን ወተት የምታመላልሰው ልጅ ትጨምቃለች፣ የዕድር መዋጮ ሰብሳቢው ይጨምቃል፣ ጠበል ይዘው የመጡት አባታችን ሳይቀሩ ባርከው ሲያበቁ ጫን አድርገው አዩ። እምቡጦቹ ተጠፍጥፈው እንደ ቂጣ ሆኑ።

ከዚያ ክርክሩ ባሰ። ማታ ለስለስ ያለ እምቡጥ ጠዋት የማን ነው? እልፍነሽ በእኔ ቀን ነው የለሰለሰው ትላለች፤ እኔ በአንቺ ቀን ጨምቀሽ አለሰለስሽው እላለሁ። መላ አገኘሁ ብዬ ከአሮጌ ዱንጉዛዬ ጫፍ ክር መዘዝኩ። ዱንጉዛ የኛ የወላይታ ጥበብ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር አለው። ቀይ ለእኔ፣ ቢጫ ለአማረች፣ ጥቁር ለእልፍነሽ ብዬ እምቡጡ በለሰለሰበት ቀን በባለ ተራዋ ክር አንገቱን አሰርኩ። እልፍነሽ ለእኔ ለምን የሐዘን ክር ብላ ለአንድ ሳምንት ያህል አኮረፈች። አማረች ግን ምንም አላለችም። አማረች እንደዚያ ናት። ቧንቧሽን አውሺኝ ሲሏት እሺ፣ ልጆቹን ጠብቂልኝ ሲሏት እሺ። በኑሮዬ እምቢ ስትል ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ምሕረትን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትወጣ የመጀመሪያዋ ናት። ምረቃው ከጥምቀት በኋላ ይሆናል ሲባል፣ አበባሽን በእጄ የምሰጥሽ እኔ ነኝ፣ ከገዛ ግቢሽ፣ አልኳት። ይህንንም ለራሷ ብቻ ሳይሆን ለሰፈሩ ሁሉ ነገርኩ። የዩኒቨርሲቲው በር ላይ የፕላስቲክ አበባ የሚሸጡትን ልጆች ሳልፍ ሳገድም፣ ከእናንተ የምገዛ እንዳይመስላችሁ እላቸው ነበር።

ተራዬ የደረሰው ምረቃው ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በደንብ ወጣልኝ። ቀዩን ክር እየፈታሁ ቆርጬ፣ በባልዲ ውሃ ውስጥ አቁሜ፣ ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛ የሆነችው ጓዳ ውስጥ አስቀመጥኩት። በዚያች ጓዳ ውስጥ ነው ሙዝ የማበስለው። ያልበሰለ የሙዝ ዘለላ ከላይ ተሰቅሏል፣ ከታች አቮካዶ በጆንያ አለ፤ አበባዬን መካከላቸው እንደ እንግዳ አስቀምጬ በሩን ዘጋሁ። በማግስቱ ከሰዓት ስከፍት የአበባው ቅጠል ወለል ላይ ተነጥፏል፤ ባልዲው ውስጥ የቀረው ዘንግ ብቻ ነው። ለዶክተሯ ደወልኩ። የሚበስል ፍሬ ትንፋሽ አለው፣ አበባን ያስረጀዋል አለችኝ። ከእኔ ጋር ዓመታት የኖረ ሙዝ እንዲህ ያለ ትንፋሽ እንዳለው የሚነግረኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ያ ቀን የእልፍነሽ ተራ ነበር። ሮጥኩ። እልፍነሽ ጠዋት ማልዳ ቆርጣ፣ ቤሌ ላለው የወንድሟ ልጅ ሠርግ በአውቶቡስ ልካዋለች። ጥቁሩን ክር ብቻ ፈትታ መደቡ ላይ ትታልኛለች። የቀረው እንግዲህ በምረቃው ጠዋት የሚደርሰው ነው፤ እሱም የአማረች ነው። አልሠጋሁም። አማረች ናት እኮ፣ እሺ የምትለው።

አንድ ሳህን ዳጣ፣ በእጄ የፈጨሁትን ቃሪያ፣ ይዤ ሄድኩ። ነገ ተራሽን ለእኔ ስጪኝ፣ የእኔን ቀጣዩን ውሰጂ አልኳት። ዳጣውን ተቀበለችኝ፣ አስቀመጠችው፣ ወንበር አቀረበችልኝ።

“ነገ አይሆንም፣ እማማ” አለችኝ።

“ሠርግ አለብሽ?”

“የለብኝም።”

“ታዲያ ምን ልታደርጊበት ነው?”

“ምንም።”

“ምንም ለማድረግ ተራ ያስፈልጋል?”

“ያስፈልጋል” አለችኝ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ።

እንግዲህ የአማረች ልጅ ታደለች እና የእኔዋ ምሕረት አንድ ቀን ነው አንደኛ ክፍል የገቡት፤ እጅ ለእጅ አያይዘን ያደረስናቸው እኔና አማረች ነን። ታደለች ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ዓረብ አገር ሄደች። ቢሮ ነው የምትሠራው ብላናለች እናቷ፤ እኛም ደስ ብሎናል። እኔ በዚያች ሰዓት ንዴቴ አፌን ቀደመው። “የተመረቀችው ታደለች ብትሆን ኖሮ መደቡን ሙሉ አጭደሽ ትሰጫት ነበር” አልኳት። በወላይትኛ ነው ያልኳት፤ በአማርኛ ስጽፈው ይለዝባል። ዳጣውን ይዤ ተመለስኩ። አዎ፣ የሰጠሁትን ይዤ ተመለስኩ። ይህንንም መዝግቡት።

ከዚያ በቀጥታ የዕድራችን ዳኛ አቶ አንጁሎ ዘንድ ሄድኩ። ከእራት አስነሥቼ አመጣሁት። መደቡ አጠገብ ቁጭ ብሎ ነገሩን ከጫጩት እግሩ ጀምሮ ሰማኝ። የቅቤ ዕቁቡን፣ እጣውን፣ ክሩን፣ ሙዙን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ስጨርስ፣ ይህን የተራ ሕግ ያወጣው ማን ነው አለኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ማን ነው የጣሰው አለኝ። ማንም አልጣሰውም፣ ችግሩ እሱ ነው አልኩት። አቶ አንጁሎ ተነሣ፣ ካፖርቱን አራገፈ፣ መሄጃው ላይ አንድ እምቡጥ ጨመቀና እራቱን ሊጨርስ ሄደ።

ምረቃው እሑድ ነበር። በጠዋት ለብሰን ስንወጣ እንዲህ ያለ አበባ በዚያ ወቅት ሁሉ ወጥቶ አያውቅም። ሌሊቱ ቀዝቅዞ፣ ጤዛው ወርዶ፣ እያንዳንዷ ቀሚሷን ነስንሳ ቆማለች። አማረች ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ስልኳን ይዛ በመደቡ ዙሪያ ጎንበስ ቀና ትላለች። ባዶ እጄን ስወጣ ልትቀርጸኝ ነው ብዬ ፊቴን አዙሬ በፍጥነት አለፍኩ። ምሕረት “እማዬ፣ ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ” እያለች ከኋላዬ ትከተለኛለች።

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ስንደርስ እነዚያ ልጆች አወቁኝ። አንዷ ፈገግ ብላ ትልቁን መረጠችልኝ፤ ሰማያዊ ጽጌረዳ፣ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ዱቄት የተረጨበት። ሰማያዊ ጽጌረዳ እግዜር አልሠራም፤ ፋብሪካ ግን አይከለከልም። ዱቄቱ በምሕረት ጥቁር ጋዋን ላይ ተራገፈ፣ በእኔ ነጠላ ላይ ተራገፈ፣ ያቀፉን ሰዎች ሁሉ እያብረቀረቁ ሄዱ። ምሕረት ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው። “አበባ እኮ ነው፣ እማዬ። አንቺ መጥተሽልኛል” አለችኝ። ያ ነው ያቃጠለኝ። ብታለቅስ ኖሮ አብሬያት አለቅስ ነበር፤ ስትስቅ ግን ቃሌን ያጠፍኩባት እኔ ብቻ ሆንኩ። ፎቶው አሁን ግድግዳ ላይ አለ። እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ሰማያዊውን ጽጌረዳ ነው።

ማታ ስንመለስ አበባው እንደቆመ ነው። አንድም አልተቆረጠም። በማግስቱ ተራው የእኔ ነበር፤ መቀስ ማንሣት እችል ነበር። ለምረቃ ያልሆነ አበባ ለምን ይሆነኛል ብዬ ተውኩት። እልፍነሽ በተራዋ መጥታ፣ አሁንማ ሲነኩት ይረግፋል ብላ ተመለሰች። ከዚያ ፀሐዩ በረታ፤ ቅጠሉ አፈር ላይ ተበተነ፣ ዶሮዎች ሲጭሩት አየሁ። ዝም ብዬ አየሁ። ቢያንስ ለቤተ ክርስቲያን ብወስደው ምን ነበረበት? ይህም ይቆጨኛል።

አማረችን አኮረፍኩ። ከቅቤ ዕቁቡ ወጥቻለሁ፣ ወተቴን ለማንም አልሰጥም ብዬ በእልፍነሽ በኩል ላክሁባት። በሳምንቱ ዐቢይ ጾም ገባ። ወተት የሚጠጣ የለ፣ የሚንጥ የለ፤ ያን ሁሉ ጊዜ አድማ መምታቴን ማንም ሳያውቅልኝ ጾሙ አለፈ። ውሃም ከእሷ ቧንቧ መቅዳት ተውኩ፤ ከታች ካለው ቦኖ በጄሪካን እየጎተትኩ አመጣሁ። ወገቤ እስከ ዛሬ ፍርዱን አልተቀበለውም። የሚገርመው፣ ስመለስ ሁልጊዜ የአማረች የቧንቧ ጎማ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ እኔ ግቢ ገብቶ፣ እንደ ድሮው ተዘርግቶ አገኘዋለሁ። አልነካውም። እሷም አታነሣውም።

ከፋሲካ በኋላ የተክሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ወደቀ። ዶክተሯ ደውላ፣ እማማ፣ አሁን ጥፍሩን አውጥተው ጥላ ላይ ያድርቁት፣ ለሚመጣው ዓመት ይሆናል አለችኝ። አወጣዋለሁ፤ ግን ለሦስት መከፈል አለበት። እኔ ደግሞ የሰው ድርሻ በእጄ አላሳድርም። እልፍነሽ ቤሌ ሄዳለች። ስለዚህ አጥሩ ጋ ቆሜ፣ ለአጥሩ የምናገር መስዬ፣ ነገ ጠዋት ይቆፈራል አልኩ።

አማረች መጣች። ትንሽ መቆፈሪያዋን ይዛ መደቡ ማዶ ተቀመጠች። እኔ ከዚህ፣ እሷ ከዚያ ሆነን ቆፈርን። አንዱ ጥፍር ብዙ ጥፍር ሆኗል። እሷ አፈሩን በጣቷ እያራገፈች ለሦስት ትደረድራለች፤ ትልቅ ትልቁን ወደ እኔ ክምር ስታደርግ አየሁና መልሼ እኩል አደረግኩት። እሷም ቆይታ መልሳ ወደ እኔ አደረገችው። እንዲህ ስንመላለስ ቆየን።

በዚያ ሁሉ ጊዜ መብቷ ነው፣ መብቷ አይደለም ብዬ ከከተማው ጋር ተሟግቻለሁ። ለምን እንደሆነ ግን ራሷን አልጠየቅኳትም ነበር። ምን ልታደርጊበት ነው ማለት መጠየቅ አይደለም፤ እንደዚያ ያልኳት እንድትሰጠኝ ነው። ስለዚህ ቁፋሮዬን አቆምኩና፣ “አማረች፣ ልጄ፣ ያን ቀን ለምን ሳትቆርጪው ዋልሽ?” አልኳት።

የያዘችውን ጥፍር አፈሩ እስኪጠራ አሸችው። ማንም አለመኖሩን ለማረጋገጥ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ።

“ታደለች ቢሮ አይደለም ያለችው፣ እማማ። ሰው ቤት ነው። በስልክ ለመተያየት የተተወልን እሑድ እሱ ብቻ ነበር፤ እመቤቲቱ ስልኳን የምትሰጣት ያን ቀን ነው። አበባ እንዳለን ቀደም ብዬ ነግሬያታለሁ፤ ቆርጬ በብርጭቆ አድርጌ አሳይሻለሁ ስላት፣ ‘የተቆረጠውንማ እዚህ በየማለዳው ውሃ የምቀይርለት እኔ ነኝ፣ ሲጠወልግ የምጥለውም እኔ ነኝ፤ እማዬ፣ አፈሩ ላይ የቆመውን አሳዪኝ’ አለችኝ።”